የቤት ገንዘብና የቤተሰብ ደብተር

(በሬዲዮ ከተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም ንግግር ተገልብጦ የተዘጋጀ)

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት ገንዘብ አያያዝ ነው። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ አዘጋጁ። የሌላችሁም ጆሮአችሁን ስጡን፤ ቁጥሮቹን ቀስ ብለን ስለምንናገራቸው በቃላችሁ ልትይዟቸው ትችላላችሁ።

እኔ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህር ነኝ። መስከረም በጠባ ቁጥር የማየው አንድ ነገር አለ። ትምህርት ተጀምሮ ስም ሲጠራ "አቤት" የማይሉ ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ከወር በኋላ። ጭራሽ የሚቀሩም አይጠፉም። ወላጆቻቸው ሲጠየቁ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ "ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆን ገንዘብ አጥተን ነው" ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ኑሮ እንደተወደደ ሁላችንም እናውቃለን። በመሠረቱ የገቢ ማነስን በምክር ብቻ ማጥፋት አይቻልም። 10 ብር በጥሩ አያያዝ 20 ብር አይሆንም። ይሁን እንጂ መስከረም ድንገት በር የሚያንኳኳ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ በቀኑ ይመጣል። ታዲያ መምጣቱን እያወቅን በየዓመቱ ባዶ እጃችንን የሚያገኘን ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ በቤታችን ስለ ገንዘብ አንነጋገርም። ሁለተኛ፣ የገባውንና የወጣውን አንጽፍም። ሦስተኛ፣ የምናስቀምጠው ከተረፈ ብቻ ነው፤ የሚተርፍ ደግሞ የለም። እነዚህን ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

አንደኛ፦ መነጋገር

በብዙ ቤት ገንዘብ ምስጢር ነው። አባወራው ምን ያህል እንደሚያገኝ ለባለቤቱ አይነግራትም። እሷም በበኩሏ ከጉልት ወይም ከእንጀራ ሽያጭ ያገኘችውን በመቀነቷ ቋጥራ ትይዛለች። ልጆቹ ደግሞ "ስጡኝ" እና "የለም" ከሚሉት ቃላት በቀር ስለ ቤቱ ኑሮ የሚያውቁት የለም። ሁሉም ለየራሱ ቆጣቢ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ግን አይቆጥብም። እሱ ለጣራ ጥገና ያሰበው፣ እሷ ለልጅ ጫማ ያሰበችው ሳይገናኝ ይቀርና ሁለቱም ሳይሠሩ ዓመቱ ያልፋል።

ሕጉ ራሱ የሚለው ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው እንደሆነ ይደነግጋል። ከዚህም ሌላ አንደኛው ያለ ሌላው ስምምነት ከ500 ብር በላይ መበደርም ሆነ ማበደር፣ ለዚህን ያህል ዕዳም ዋስ መሆን እንደማይገባው ይናገራል። የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ያላቸው ክልሎችም አሉ። እንግዲህ በቤት ገንዘብ ላይ አብሮ መምከር አንዱ ለሌላው የሚያደርገው ውለታ ሳይሆን የትዳር ግዴታ ነው ማለት ነው።

"ስለ ገንዘብ ከተነጋገርን እንጣላለን" የሚሉ አሉ። የሚያጣላው ግን መነጋገሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ፣ ባለ ሱቁ ዱቤውን ሲጠይቅ፣ ሰውየው ደክሞት ሲገባ የሚነሳ የገንዘብ ወሬ ጠብ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ቀን ይቆረጥለት። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ እሑድ ቡና ሲፈላ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አቦሉ ሲጠጣ ያለፈው ሳምንት ይታይ፤ ምን ገባ? ምን ወጣ? ቶናው ሲቀዳ የሚመጣው ሳምንት ይታሰብ፤ ምን ወጪ አለብን? ማን ምን ይገዛል? በረካው ላይ ደግሞ የተቀመጠው ገንዘብ ይቆጠር፤ ምን ያህል ደረሰ? ለምን አሰብነው? ይኸው ነው። ጎረቤት ከመጣ ወሬውን ማቆየት ይቻላል፤ ቡናውን ግን አትከልክሉት።

በዚህ ጊዜ አንድ ደንብ ይኑር። የወጣውን ገንዘብ ለማወቅ እንጂ ሰው ለመክሰስ አይጠየቅ። "ለምን አወጣሽ?" ወይም "የት አደረስከው?" የሚል ጥያቄ በሚቀጥለው ሳምንት ውሸት ይወልዳል። "ይህን ወጪ በሚመጣው ሳምንት እንዴት እንቀንሰው?" ብሎ መጠየቅ ግን መፍትሔ ያመጣል።

ሁለተኛ፦ መጻፍ

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ አባቶች። ለቤት ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም።

ይህ ትምህርት ፊደል ለቆጠረ ሰው ከባድ አይደለም። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ገጹን በማስመሪያ አራት ቦታ ክፈሉት። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው የነገሩን ዓይነት፣ በሦስተኛው ገቢን፣ በአራተኛው ወጪን ጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ገቢውን ደምሩ፣ ወጪውን ደምሩ፣ ከገቢው ላይ ወጪውን ቀንሱ። የሚገኘው ቁጥር ቀሪ ይባላል።

እስቲ ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩአቸው። አባትየው አናጢ ነው፤ በሳምንት 1,800 ብር ያገኛል። እናትየው እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ የጤፉንና የማገዶውን ዋጋ አስቀርታ 900 ብር ይተርፋታል። የሳምንቱ ገቢ 2,700 ብር ሆነ። ወጪያቸውን ጻፉት፦

ለቁጠባ 200 ብር፣
ለቤት ኪራይ ድርሻ 600 ብር፣
ለእህልና ለወፍጮ 700 ብር፣
ለአስቤዛ፣ ማለት ለዘይት፣ ለሽንኩርት፣ ለሹሮ 500 ብር፣
ለከሰልና ለሳሙና 200 ብር፣
ለትራንስፖርት 180 ብር፣
ለዕድር ድርሻ 20 ብር።

ድምሩ 2,400 ብር ነው። ከ2,700 ላይ 2,400 ሲቀነስ 300 ብር መቅረት አለበት። ኪስና መቀነት ሲፈተሽ ግን የተገኘው 90 ብር ብቻ ነው። 210 ብር የት ገባ? ሌባ አልወሰደውም። በሻይ፣ በስልክ ካርድ፣ በማስቲካ፣ በጓደኛ ግብዣ፣ ለልጅ ማባበያ በተገዛ ብስኩት ሄደ። እያንዳንዱ ትንሽ ስለሆነ ማንም አልጻፈውም፤ ማንም ስላልጻፈው ማንም አላየውም።

አሁን እርሳሳችሁን አንሱ። በዓመት 52 ሳምንታት አሉ። 210 በ52 ሲባዛ ስንት ይሆናል? 10,920 ብር! ይህ ገንዘብ ለስንት ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም እንደሚበቃ እናንተው አስሉት። ይህን ስንል ግን ሰው ሻይ አይጠጣ ማለታችን አይደለም። ሻይ የሌለበት ወዳጅነት፣ ብስኩት የማያውቅ ልጅነት ምን ያደርጋል? የምንለው ይጻፍ ነው። የተጻፈ ወጪ ራሱን ይቀንሳል፤ ሰው ያየውን ነገር ማስተካከል ይችላልና።

በዚህ ምሳሌ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እናትየዋ የእንጀራ ሥራዋን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ለይታለች። መጀመሪያ የሚቀጥለውን ጤፍ መግዣ አስቀርታ ትርፉን ብቻ ለቤት አመጣች። ብዙ ትንንሽ ንግዶች የሚወድቁት ገበያ በማጣት ብቻ አይደለም። የንግዱ መነሻ ገንዘብ በአስቤዛ ስለሚበላ ነው። ስለሆነም ሁለት ቋጠሮ፣ ሁለት ደብተር ይኑር፤ አንዱ ለሥራው፣ አንዱ ለቤቱ።

"እኔ ገና መጻፍ እየተማርኩ ነው፣ እንዴት ላድርግ?" የምትሉ አላችሁ። ቁጥር መጻፍ ከቻላችሁ በቂ ነው። ከቁጥሩ ጎን ምልክት ሳሉ፤ ለወፍጮ ክብ፣ ለኪራይ የቤት ሥዕል፣ ለቁጠባ ቋጠሮ። ወይም ሦስተኛና አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ እሱ ይጻፍ። ልጁ መደመርና መቀነስን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን ከቤቱ እህልና ዘይት ይማራል። ይህን ያህል የሚጠቅም የሒሳብ ትምህርት ከየት ይገኛል?

ሦስተኛ፦ አስቀድሞ ማስቀመጥ

ከላይ ባየነው ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር ምን ነበር? "ለቁጠባ 200 ብር" የሚል ነበር። ያለ ምክንያት መጀመሪያ አልተጻፈም። ገንዘብ እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀመጠው ይነሳ፤ ከዚያ በቀረው ይኖራል። "ሲተርፈኝ አስቀምጣለሁ" የሚል ሰው ግን ውኃ ሲጎድል እሻገራለሁ ብሎ ከወንዝ ዳር እንደሚያድር መንገደኛ ነው።

መጠኑ ትንሽ ቢሆን አያሳፍርም። 200 ብር የማይችል 50 ብር ያስቀምጥ፤ በሳምንት 50 ብር በዓመት 2,600 ብር ነው። 10 ብርም ብትሆን በዓመት 520 ብር ትሆናለች። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዋናው መጠኑ ሳይሆን አለመቋረጡ ነው።

ለምን እንደሚቀመጥ ደግሞ ስም ይሰጠው። ስም የሌለው ገንዘብ ቶሎ ይጠፋል። ሦስት ቋጠሮ አስቡ። የመጀመሪያው ቀኑ ለታወቀ ወጪ ነው። ሁለተኛው ለድንገተኛ ነገር ነው፤ ለሕመም፣ ለሐዘን፣ ሥራ ለሚጠፋበት ወር። ሦስተኛው ለማደጊያ ነው፤ ለሥራ መሣሪያ፣ ለበግ መግዣ፣ ለጣራ ቆርቆሮ፣ ለሙያ ትምህርት።

ቀኑ የታወቀውን ወጪ ለማወቅ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርዱና ከፊታችሁ ዘርጉት። በመስከረም ዘመን መለወጫ አለ፣ መስቀል አለ፣ የትምህርት ቤት ወጪ አለ። በታኅሣሥና በጥር ገናና ጥምቀት አሉ፤ ጥር የሠርግም ወር ነው። በሚያዝያ አካባቢ ፋሲካ ይመጣል። ሙስሊም የሆናችሁ ወገኖቻችን ደግሞ የኢድ አልፈጥርና የአረፋ በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት እየቀደሙ እንደሚመጡ አትርሱ፤ አንዳንድ ዓመት ከትምህርት ቤት ወጪ ጋር ሊገጥሙ ይችላሉ። ገበሬ የሆናችሁ ደግሞ ገንዘቡ በመኸር፣ ችግሩ በክረምት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

ጳጉሜንም አንርሳ። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው በዓመት 12 ደመወዝ ይቀበላል፤ ወሮቻችን ግን 13 ናቸው። የጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀናት ደመወዝ የላቸውም። የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ለ35 ቀናት፣ በየአራት ዓመቱም ለ36 ቀናት መድረስ አለበት። ከነዚህ ቀናት ውስጥ ደግሞ ዘመን መለወጫ፣ መስቀልና የትምህርት ቤት መክፈቻ አሉ። የመስከረም ችግር አንዱ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። መፍትሔውም ለጳጉሜ ከመጋቢት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ማስቀረት ነው።

ያ የአናጢው ቤተሰብ የዓመቱን የታወቀ ወጪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ ለትምህርት ቤት 4,000 ብር፣ ለመስከረም በዓላት 2,000 ብር፣ ለገናና ለጥምቀት 2,000 ብር፣ ለፋሲካ 3,000 ብር፣ ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮ 1,000 ብር። ድምሩ 12,000 ብር ነው። በአንድ ጊዜ ሲታይ ያስደነግጣል። በ52 ሳምንታት ሲካፈል ግን በሳምንት 231 ብር ገደማ ነው። ቤተሰቡ ቀድሞ 200 ብር ያስቀምጣል። ሳይጻፍ ከሚጠፋው 210 ብር ግማሹን፣ ማለት 105 ብር ቢያድን፣ የሚያስቀምጠው 305 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 231 ብር ለታወቀው ወጪ ሲነሳ በሳምንት 74 ብር ይቀራል። ይህ በዓመት 3,848 ብር ነው፤ ለድንገተኛና ለማደጊያ ይውላል። ሻዩም አልተከለከለም፤ ልጆቹም መስከረም ላይ ስማቸው ሲጠራ "አቤት" ይላሉ።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

ፍራሽ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ፣ ማሰሮ ውስጥ የሚቀመጥ ገንዘብ ለሌባ፣ ለእሳትና ለእጅ ቅርብ ነው። ሌላም አደጋ አለው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ሲለወጡና ባለ 200 ብር ኖት ሲወጣ ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ገንዘቡን ደብቆ የረሳ ወይም ወሬው ዘግይቶ የደረሰው ሰው ያጠራቀመው ወረቀት ሆኖ ሊቀርበት ይችል ነበር። ስለዚህ በቤት የሚቀመጠው ለሳምንት የሚበቃው ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

ዕቁብ የራሳችን ጥሩ ባህል ነው። 12 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢያዋጡ ዕጣ የደረሰው 6,000 ብር ይወስዳል። የዕቁብ ዋና ጥቅሙ ሰውን ማስገደዱ ነው፤ ለብቻው የማይቆጥብ ሰው ዳኛውንና ዋሱን አፍሮ ይከፍላል። ጉድለትም አለው። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ የወጣለት ደግሞ ያለ ወለድ አስቀማጭ ሆነ። በመካከሉ ዕቃ ከተወደደ የመጨረሻው ሰው 6,000 ብር የሚገዛለት ያንሳል። ዕቁብ ስትገቡ የአባላቱ ስም፣ የዋሶቹ ስምና የተከፈለው ገንዘብ በመዝገብ መጻፉን ተመልከቱ፤ አንብባችሁም ፈርሙ።

ዕድር ከዕቁብ የተለየ ነው። ዕድር የሐዘን ቀን መድን ነው እንጂ ቁጠባ አይደለም። የዕድር መዋጮ ያቋረጠ ሰው ግን በክፉ ቀን ያጠራቀመውን ሁሉ ሊያፈስ ስለሚችል መዋጮው ከማይነኩ ወጪዎች ጋር ይጻፍ።

ባንክና የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ ገንዘቡን ከእጅ ያርቃሉ፤ ወለድም ይሰጣሉ። ወለድ የማይፈልጉ ሰዎችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ያገኛሉ። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባሉ በየወሩ እየቆጠበ ሲቸግረው ከራሱ ማኅበር ይበደራል፤ የብድሩም ወለድ ተመልሶ ወደ አባላቱ ይመጣል።

ከዚህ ላይ አንድ ሐቅ መደበቅ አይገባም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ አድርጎት ነበር። በዚህ ስሌት 1,000 ብር በዓመቱ 1,070 ብር ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ግን በአብዛኞቹ ወራት የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ነበር። በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ1,300 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ መቆጠብ ከንቱ ነው? አይደለም። ለድንገተኛ ቀንና ለቅርብ ወጪ የሚሆነው በባንክ ይቀመጥ፤ ዋጋው ቢቀንስም በጭንቅ ቀን ከአበዳሪ ደጅ ያድናል። ለሩቅ የታሰበው ግን ሲጠራቀም ወደሚሠራ ነገር ይለወጥ፤ ወደ ዶሮ፣ ወደ በግ፣ ወደ ስፌት መኪና፣ ወደ መጋዝና መዶሻ። ከተሜውም ቢሆን አቅሙ ከፈቀደ የዓመቱን ጤፍ በመኸር፣ ዋጋው ሻል ባለበት ወቅት ገዝቶ ማስቀመጥ ይችላል። ጤፍ እንደ በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል።

ስለ ብድር

የምንቆጥብበት ትልቁ ምክንያት ከአራጣ ለመዳን ነው። 5,000 ብር በወር ከመቶ 10 ወለድ የተበደረ ሰው በወር 500 ብር ይከፍላል። በ12 ወር 6,000 ብር ከፈለ፤ 5,000 ብሩ ግን ገና አልተነካም። ባጠቃላይ 11,000 ብር ሊከፍል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰዎች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚህ ልክ ቢሆን የ5,000 ብር የዓመት ወለድ 600 ብር ብቻ ነበር። አራጣ ማበደር በወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ሰውየው ወደዚያ የሄደው ግን ሕጉን ጠልቶ አይደለም፤ ልጁ ታሞ ወይም መስከረም ደርሶበት፣ ሌላ በር አጥቶ ነው። ያንን በር አስቀድሞ የሚከፍተው ሁለተኛው ቋጠሮ ነው።

መበደር የግድ ሲሆን ሦስት ነገር ጠይቁ። ጠቅላላ የምመልሰው ስንት ነው? በየስንት ቀኑ ነው? ባልከፍል ምን ይደርስብኛል? በስልክ የሚሰጥ ብድርም ቢሆን ያው ነው፤ የአገልግሎት ክፍያውን ሳታነቡ አትጫኑ። ለዘመድም ስታበድሩ ጻፉ። ያው ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይናገራል። በምስክር ብቻ አይሆንም። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ዝምድናን ከመርሳት መጠበቅ ነው። ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ ጣታችሁን ቀለም ነክራችሁ አታሳርፉ። ፊደል የምንማረው ለዚህም ጭምር ነው።

ልጆችና የልማዱ ዕድሜ

ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይማራል። በቡሄ "ሆያ ሆዬ" ብለው የሚጨፍሩ ወንዶች ልጆች፣ በዘመን መለወጫ "አበባየሆሽ" የሚሉ ሴቶች ልጆች ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ያገኛሉ። ይህ ከትምህርት ቤት መክፈቻ በፊት መሆኑ ጥሩ ነው። ልጁ ከዚያ ላይ እስክሪብቶና እርሳሱን ራሱ ይግዛ፤ በቀረው ይደሰት። ወላጅ የልጁን ገንዘብ ሳይጠይቅ አይውሰድበት። ከቸገረው ይበደረው፤ በደብተሩም ይጻፍ፤ በተባለው ቀን ይመልስ። ገንዘቡ በወላጁ እጅ የጠፋበት ልጅ "ያስቀመጥኩት ይበላል" የሚለውን ትምህርት ዕድሜ ልኩን ይይዛል። የቤቱን ጉድለት ለልጅ መንገርም ነውር አይደለም፤ በማስፈራራት ሳይሆን "ይህን ወር ዘይት ስለተወደደ ጫማውን በሚመጣው ወር እንገዛለን" እያሉ በልኩ ማስረዳት ነው።

በመጨረሻም ልማድ በአንድ ቀን አይጸናም። አንድ ሳምንት ሳትጽፉ ብታልፉ ደብተሩን አትጣሉ፤ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሩ። ሕመም መጥቶ ቋጠሮው ባዶ ቢሆን "መቆጠብ ምን ጠቀመኝ" አትበሉ። የተቀመጠውም ለዚያ ቀን ነበር፤ ሥራውን ሠርቷል። እንደገና ከ10 ብር ጀምሩ። የዓመት በዓል ወጪ ከጎረቤት ጋር ለመፎካከር ሳይሆን በደብተሩ በተጻፈው ልክ ይሁን። ሙሉ በሬ ቅርጫ መግባት ያልቻለ ዶሮ ቢያርድ በዓሉ አልቀረበትም።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ እንዲህ ነው። ዛሬ ማታ በአንድ ደብተር ገጽ ላይ አራቱን መስመሮች አስምሩ። ለሰባት ቀን የገባውንና የወጣውን፣ የሻዩንም ጭምር ጻፉ። እሑድ ቡና ሲፈላ አብራችሁ ደምሩ። ከዚያም በየትምህርት ጣቢያችሁ ስትገናኙ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ፦

1. በቤታችሁ ሳይጻፍ የሚወጣው ገንዘብ በሳምንት ምን ያህል ሆኖ አገኛችሁት? በ52 ሲባዛስ?
2. እስከ መጪው መስከረም ስንት ሳምንታት ቀርተዋል? ለልጆቻችሁ ትምህርት የሚያስፈልገው በነዚያ ሳምንታት ሲካፈል በሳምንት ስንት ይደርሳል?
3. በአካባቢያችሁ ካሉት ዕቁቦች የተጻፈ መዝገብ ያለው የትኛው ነው? የሌለውስ እንዴት ይጀምር?
4. ባልና ሚስት ሳይመካከሩ በተደረገ ብድር ወይም ዋስትና ምን ችግር ሲደርስ አይታችኋል? ስም ሳትጠሩ ተናገሩ።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ትምህርት በዚሁ ያበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የደብተሩን ድምር ይዛችሁ ጠብቁን።